ከሁመራ የመጡ ሰባት ስሞች

ደብዳቤው በእጅ አልተጻፈም፤ በኮምፒዩተር ተጽፎ የታተመ ነበር። ሃዳር ፖስታውን እንደከፈተች መጀመሪያ ያየችው ይህንን ነው። ቃላቱን ያነበበችው ከዚያ በኋላ ነው።

ኢታን ለትምህርት ወደ ሰሜን እንግሊዝ ከሄደ ሃያ ሁለት ወር ሆኖታል። የዕለት የዕለቱን በስልክ ይጽፍላታል፤ ደብዳቤ ግን ለብቻው ነው። ደብዳቤውን ሁልጊዜ በእጁ፣ በዕብራይስጥ ይጽፍና በመጨረሻ አንድ መስመር ብቻ በአማርኛ ይጨምራል። ሁለቱም ከወገራ ከመጡ ቤተሰቦች እስራኤል ውስጥ ርሖቮት ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ አማርኛን በጆሯቸው እንጂ በዓይናቸው አያውቁትም ነበር። ፊደሉን ሃዳር ከአያቷ ተማረች። ከዚያ እሱ ከራግቢ ልምምድ ሲወጣ ሜዳው ዳር ሣር ላይ እየተቀመጡ ለእሱ አስተማረችው። የመጀመሪያው ደብዳቤ «እዚህ ዝናብ አይቆምም» በሚል መስመር ያበቃል፤ «ቆ» ወደ ግራ ዞራለች።

ይህ ሃያኛው ደብዳቤ ነው። የአማርኛ መስመር የለውም።

«የክለቡ መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ገባ» ይላል። «በሃርከር ጉዳይ ሁለቱም ስሞች እንዲጻፉ ተወሰነ። ሐሙስ እመጣለሁ። በወረቀት የማይሆን የምነግርሽ ነገር አለ። እስከዚያ አትጻፊልኝ።»

ሃዳር የምትሠራው ቂርያት ቫይዝማን ውስጥ ባለ አንድ የውሃ መመርመሪያ ቤተ ሙከራ ነው። አጠገቧ ያለችው ሊሂ ጠርሙሶች እየደረደረች አየቻትና ምን እንደሆነች ጠየቀቻት። ምንም አለች ሃዳር።

«በዚህ ዘመን ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ሁለት ዓይነት ነው» አለች ሊሂ፤ «ወይ ግብር ሰብሳቢ ነው፣ ወይ ሊለይሽ ነው።»

ለመቀለድ ነበር። ሃዳር ግን ወረቀቱን አጥፋ ነጭ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከተተችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በዚያ ጠዋት አንድ ጉድጓድ ውሃ ሁለት የማይገጥም ውጤት ሰጥቶ ነበር። ሁለት ውጤት ሲጣላ ምን እንደሚደረግ ታውቃለች። አማካይ አይወሰድም። መሣሪያውም ቀድሞ አይወቀስም። መጀመሪያ የሚመረመረው ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ስም ነው፤ ብዙ ጊዜ ውሃው ትክክል ነው፣ የተሳሳተው ስሙ ነው። ስሙን አየችው። ተቀያይሮ ነበር። አስተካከለችው። እጆቿ ሥራቸውን በደንብ ሠሩ። ኪሷ ውስጥ ያለው ወረቀት ግን በተንቀሳቀሰች ቁጥር ይንኮሻኮሻል፤ እሷንም በእያንዳንዱ ኮሽታ ትንሽ ትንሽ ይበርዳት ነበር።

*

ነገሩ የተበላሸው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው።

የሃዳር አያት አቶ ይርዳው እዚያው ርሖቮት፣ ክፋር ማርሞሬክ ሰፈር ባለው ቤታቸው የሁለቱን ቤተሰብ ጠሩ። ዘር ሊቆጠር ነው። በእነሱ ዘንድ በሁለት ወገን ሰባት ቤት ሳይሞላ የሚገናኙ ሰዎች ዘመድ ናቸው፤ ዘመድ ደግሞ አይጋባም። ልጆቹ እዚህ ቢወለዱም፣ ወታደር ቢሆኑም፣ ዩኒቨርሲቲ ቢገቡም ይህ አልቀረም። ቀለበት ከመግዛት በፊት ይቆጠራል። የሚቆጥረውም አባት ራሱ ነው፣ በአፉ፣ ሁሉ እየሰማ።

የኢታን አባት ቤኒ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ከሥራ ልብሱ ሳይወጣ መጥቶ ነበር። ጎኑ የተቀመጡት አባቱ አቶ ሰማኸኝ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ቤኒ ጀመረ፤ ኢታን፣ ቤኒ፣ ሰማኸኝ፣ ፈንታ፣ አይናዲስ። አቶ ይርዳው በእያንዳንዱ ስም አንድ ጣት ያጥፉ ነበር፤ አምስተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ። የትኛዋ አይናዲስ ብለው ጠየቁ። የወገራዋ፣ ባሏ ሸማኔ የነበረው አለ ቤኒ። ከዚያ የሃዳር አባት ቆጠረ፤ ሃዳር፣ እሱ፣ ይርዳው፣ ትርንጎ። አምስተኛውን ስም፣ ያችኑ አይናዲስን፣ ማንም እንዲናገረው አልጠበቀም።

«እንግዲህ ዘመድ አገኘን» አሉ አቶ ይርዳው። የሳቀ አልነበረም።

ክፉ ሰው አይደሉም። ሁለቱም ወገን ስህተት ካለ እንዲፈልግ ሦስት ሳምንት ሰጡ፤ በሦስተኛው ዓርብ ተገናኝተን ቃሉን እንዘጋዋለን አሉ። ቤኒ ያን ቀን ከሰዓት ለልጁ ደውሎ ነገረው። ከዚያ ወዲህ ከኢታን የሚመጣው መልእክት «ቤሰደር»፣ «ደህና ነው» የሚል አንድ የዕብራይስጥ ቃል ብቻ ነበር። እንዴት ነህ ስትለው ቤሰደር። ምን እናድርግ ስትለው ቤሰደር፣ እናያለን።

ሃዳር ግን ከዚያ ቀን ሁለት ነገር በዓይኗ ይዛ ቀርታለች። ቤኒ «ሰማኸኝ» ሲል ሁሉ ሰው ወደ ሽማግሌው ዞረ፤ የተጠራ ሰው ቀና ማለቱ ወግ ነውና። እሳቸው ቀና አላሉም፤ ጣቶቻቸውን ያዩ ነበር። ደግሞ ቆጠራው ቆሞ ሰው ሁሉ ዝም ካለ በኋላም የሽማግሌው ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር፤ ድምፅ ሳያወጣ፣ ሳይቸኩል፣ ነገር እንደሚደግም ሰው። ጸሎት መሰላት። በዚያች ሰዓት ጸሎት የሚያስፈልጋት እሷ ነበረችና ቀናችባቸው።

*

ማክሰኞ ከሥራ ስትመለስ ደብዳቤዎቹን ሁሉ አልጋዋ ላይ በተራ ደረደረቻቸው። ልትሰናበታቸው ነበር። መሰናበትም ቢሆን ከአንድ እስከ ሃያ በቅደም ተከተል መሆን አለበት።

ግማሾቹ ስለ ኤስክሙር ናቸው። ኤስክሙር ኢታን እዚያ የሚጫወትበት የራግቢ ቡድን ነው፤ በኮረብታዎች መካከል ያሉ የሰባት መንደሮች ቡድን። ከተመሠረተ መቶ ሃምሳ ዓመት ሞልቶታል። የከሰል ቆፋሪ፣ የበግ አርቢና የመንደር አስተማሪ እንቁላል የመሰለችውን ኳስ አቅፎ ጭቃ ውስጥ የሚወድቅበት ቡድን ነው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ማንም ለመጫወት ተከፍሎት አያውቅም። የክለቡ ጸሐፊ ዓይናቸው የደከመ አዛውንት ናቸው። ለመቶ ሃምሳኛው ዓመት የክለቡ ታሪክ እንዲጻፍ ሲታሰብ የመዝገብ ሳጥኖቹን ለኢታን ሰጡት፤ ከውጭ የመጣ ሰው እኛ የለመድነውን ያያል ብለው።

እሱም አየ። ክለቡ ግድግዳ ላይ የክብር ሰሌዳ አለ። እዚያ ላይ ቶማስ ሃርከር የሚባል ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1898 ጀምሮ አሥራ አራት ዓመት እንደተጫወተ ተጽፏል፤ የክለቡ ረጅሙ ነው። ኢታን ግን የዕቃ መዝገቡን ሲያገላብጥ የቶማስ ሃርከር ጫማ እስከ 1904 አሥራ አንድ ቁጥር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስምንት። «የሰው እግር ያብጣል እንጂ ሦስት ቁጥር አያንስም» ብሎ ጻፈላት። ጸሐፊውን ጠየቃቸው። አዛውንቱ ነገሩት። ቶማስ በ1904 ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ሞተ። ከዚያ ወዲያ የተጫወተው ወንድሙ ዊልያም ነው። ዊልያም ታግዶ ነበር። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ የሰሜን ክለቦች ለሁለት ተከፍለው ነበር፤ ለጨዋታ ብሎ ከሥራ የቀረ ሰው የቀን ደመወዙ ይካስ ያሉት ወጡ፣ ያለ ክፍያ እንጫወት ያሉት ቀሩ። ኤስክሙር ከቀሩት ነው። ከወጡት ጋር አንድ ቀን እንኳ ተከፍሎት የተጫወተ ሰው ከቀሩት ክለቦች ዕድሜ ልኩን ይታገዳል። ዊልያም ቤቱ ሲራብ ሁለት ቀን ተጫውቶ ነበር። ወንድሙ ሲሞት በሟቹ ስም፣ በሟቹ ቦታ ቆመ፤ ስምንት ዓመት። ሰባቱም መንደር ያውቅ ነበር። ሰባቱም መንደር ዝም አለ።

በዚያ ደብዳቤ ኢታን ይጻፍ ወይስ ይተው ብሎ ጠይቋት ነበር። የመለሰችለትን ታስታውሳለች። አንድ መስመር ነበር። «የታየው ይጻፍ።»

አሁን ከአንድ እስከ ስድስት አንብባ ሰባተኛውን አነሳች። እዚያ ኢታን ከመሄዱ በፊት ርሖቮት ሜዳ ላይ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበትን ቀን ያስታውሳል። ሽማግሌው አያቱ ጨዋታ ሊያዩ መጥተው ነበር፤ ሁልጊዜ ይመጣሉ፣ ሁልጊዜም ይህ እርሻ ቢሆን ሰብሉ አለቀ ይላሉ። ሲወድቅ ሜዳ ገብተው ልዘልህ አሉት። «አባትህን ከሁመራ እስከ ወገራ አንገረብን አሻግሬ፣ የሁለት ዓመት ልጅ፣ በጀርባዬ አምጥቼዋለሁ፤ አንተ አትከብደኝም» አሉት። ኢታን ይህን የጻፈው ለሳቅ ነው። እሷም ያኔ ስቃለች።

አሁን አልሳቀችም። የሽማግሌውን ሚስት፣ ባለፈው ዓመት ያረፉትን እማማ ሙሉእመቤትን አስታወሰች። እማማ ሙሉእመቤት ሃዳር ቤታቸው በሄደች ቁጥር እንደ ማዕረግ የሚናገሩት አንድ ነገር ነበራቸው፤ ወደ እስራኤል ለሚያደርሰው ጉዞ ወደ አዲስ አበባ እስከተነሱባት ቀን ድረስ ከወገራ ወጥተው፣ ወንዝ ተሻግረው አያውቁም።

ሃዳር ደብዳቤውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። እናት ወገራ ናት። ልጅ ከሁመራ ነው የመጣው። አባት ጡት የሚጠባ ልጅ ከእናቱ ነጥሎ ወባ ወዳለበት ቆላ ይወስዳል? አይወስድም። ሽማግሌው ተሳስተው ይሆን? ልጅ አዝሎ ወንዝ የተሻገረ ሰው ያን አይሳሳትም። እማማ ዋሽተው ይሆን? ስለማይጠቅማቸው ነገር ለምን? ሌላ መንገድ ፈለገች፤ ሦስት ጊዜ ፈለገች። ሦስቱንም ጊዜ ጠርሙሱ ላይ ወዳለው ስም ተመለሰች።

ቤኒ የሰማኸኝ ካልሆነ አይናዲስ የኢታን አይደለችም። ዘመድ አይደሉም።

ይህ ደስታ መሆን ነበረበት። ግን ቤኒ በየዓርቡ ጠዋት ከፈረቃ በፊት አባቱ ቤት እየሄደ ጢማቸውን እንደሚላጭላቸው ታውቃለች፤ በሩ ክፍት ሲሆን አይታለች፣ አገጫቸውን በሁለት ጣት ቀና አድርጎ፣ ምላሱን ነክሶ። ያንን ስታስብ ያገኘችው ነገር የእሷ ያልሆነ ዕቃ በእጇ እንደተገኘ ያህል ከበዳት።

*

ረቡዕ ፈቃድ ወስዳ ሄደች። አቶ ሰማኸኝ ከቤታቸው ጀርባ ባለች ቁራጭ መሬት በርበሬ ይኮተኩታሉ። ሲያዩዋት ቀና ብለው የተገለበጠ ባልዲ አሳዩዋት፤ እሷም ተቀመጠች። ስለ ሙቀቱ አወሩ። በርበሬው ዘንድሮ እንደሰነፈ ነገሯት። ኢታን ነገ እንደሚመጣ ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ ሁለቱም አላነሱትም።

«አባባ» አለች በመጨረሻ፣ «ቤኒን ከሁመራ ሲያመጡት እማማ ሙሉእመቤት የት ነበሩ?»

መኮትኮቻው ወረደ፣ ተነሣ፣ ወረደ። ከዚያ ቆመ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ሁለት ነገር ሰማሁ፤ አልገጠመልኝም።»

ሽማግሌው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሲናገሩ ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር፤ ቃላቱ ግን የተዘጋጁ ነበሩ፣ ለሃምሳ ዓመት። ሁመራ ሰሊጥ ሊያጭዱ ወርደው ከሽሬ የመጣ በርሄ የሚባል የሃይማኖት ወገናቸውን አገኙ፤ ሚስቱንና ልጁን ይዞ የወረደ። በአንድ ጎጆ ኖሩ። ወባ መጀመሪያ ሚስቱን ወሰደች፤ በወሩ እሱን። ሊሞት ሲል ሁለት አደራ ሰጣቸው። ልጄን የሙት ልጅ አታስብለው አለ። ደግሞ ሰባት አባቶቹን በስም አስጠናቸው፤ ትልቅ ሲሆን ማግባቱ አይቀርም፣ እንዳይሳሳት አለ። ሙሉእመቤት መካን ነበረች። ልጁን ደጃፍ ላይ ተቀበለችው፤ የማን ነው ብላ የጠየቀችው ልጁ ካንቀላፋ በኋላ ነው። መንደሩም ገባው፤ ዝም አለ። ያ መንደር ዛሬ ግማሹ መቃብር ነው፣ ግማሹ እስራኤል ውስጥ ተበትኗል።

«ቤኒ ራሱ ሲያገባ በሁለቱም በኩል በልቤ ቆጠርኩለት» አሉ። «በበርሄም፣ በእኔም። ምንም አልነካ፤ ዝም አልኩ። አደራው ሁለት ነበር ልጄ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አልተጣሉም። አሁን ተጣሉ።»

ሃዳር ያን ቀን ከንፈራቸው የሚደግመው ምን እንደነበር ያኔ ገባት።

ከእሷ አፍ እንደማይወጣ ነገረቻቸው፤ ለኢታንም ቢሆን። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ፤ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

«እንግዲያ ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እወደዋለሁ፣ አባባ።»

«እኔስ?» አሉ። «እኔ ልጄን አልወድም?»

ተነሥታ ሁለት እጃቸውን ሳመችና ወጣች። አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ያልተላጨው ጢማቸው ያሻከረው የጉንጫቸው መልክ ዓይኗ ላይ ነበር። በሕይወቷ ትክክል ሆና እንደዚያ ያፈረችበት ቀን አልነበረም።

*

ሐሙስ ኢታን ገባ። ልታገኘው ጠየቀችው። መልእክት መጣ፤ «ነገ አያትሽ ቤት።» ያ ብቻ።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ አቶ ይርዳው ሳሎን ውስጥ ወንበሮቹ እንደዚያ ቀን ተደርድረዋል። ሃዳር መስኮቱ አጠገብ ቆማ ሲገቡ አየቻቸው። ቤኒ መጀመሪያ፣ ከኋላው ሽማግሌው፣ ከኋላቸው ኢታን። የኢታን ቀኝ ክንድ ደረቱ ላይ በጨርቅ ታስሯል።

ቆጠረች። ጨርቁ አዲስ አይደለም፤ ጫፉ ወይቧል፣ ሦስት ሳምንት ይሆነዋል። ቀኝ እጁ ነው። የሚጽፍበት። ደብዳቤው ለምን በኮምፒዩተር እንደተጻፈ፣ መስመሩ ለምን እንደጎደለ በአንድ ጊዜ ገባትና የመስኮቱን ጠርዝ ያዘች። እሱ አያት። ለማየት ያህል ብቻ አያት፤ ፈገግ አላለም። ወዲያው ሌላ ነገር አስተዋለች። ዓርብ ነው፤ የሽማግሌው ጢም ግን አልተላጨም።

አቶ ይርዳው ስህተት ያገኘ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። የሃዳር አባት የለም አለ። ቤኒ የለም ሊል አፉን ከፈተ።

«አለ» አሉ አቶ ሰማኸኝ።

በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ረቡዕ ለሃዳር የነገሯትን ነገሩ፤ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፣ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ አድርገው። ሁመራ። በርሄ። ወባ። አንገረብ። ሲጨርሱ ወደ ቤኒ ዞረው፣ «ዛሬ ጠዋት አልላጭም ያልኩህ ለዚህ ነው» አሉት። «ሳታውቅ እንድትነካኝ አልፈለግሁም።»

ቤኒ የመኪናውን ቁልፍ ከጠረጴዛው አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው፣ ወጣ። በሩን አልወረወረውም፤ ቀስ አድርጎ ዘጋው፣ ያ ይብሳል። ሃዳር በመስኮቱ አየችው። ግቢው ውስጥ መኪናው አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ፤ አንድ እጁን ጣሪያው ላይ አድርጎ። አምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ከጀርባው ሲታይ ግን የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ የጠፋው ልጅ ይመስላል።

ሳሎኑ ውስጥ ኢታን ወደ እሷ ቀረበ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ታውቂ ነበር» አላት። ጥያቄ አልነበረም፤ ሽማግሌው ሲናገሩ ሁሉም እሳቸውን ሲያይ እሷ ቤኒን ታይ ነበርና ከዚያ ገብቶታል።

«ካንተ ደብዳቤ ነው ያነበብኩት። ከሰባተኛው።»

«አልነገርሽኝም።»

«የእኔ አልነበረም።»

ልትነካው ፈለገች፤ አልነካችውም። ምናልባት አሁን ሰባቱ ሞልተው እሱ ይጎድል ይሆናል ብላ አሰበች፤ ያንን ፍርሃት ቆጥራ የምታስቀምጥበት ቦታ አልነበራትም።

ኢታን ወደ መስኮቱ ዞረ። አባቱን ለረጅም ጊዜ አየው። «እዚያም እንዲህ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ሰባት መንደር ሙሉ ዝም ያለው ሰውዬውን ስለሚወዱት ነው። መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ያለ ነገር መስሎኝ ነበር፤ ጥፋቴ ያ ነው።»

በሩ ተከፈተ።

ቤኒ ገባ። ወንበሩን ስቦ ከሽማግሌው ፊት አስቀመጠ፣ ጉልበት ለጉልበት፣ ተቀመጠ። ዓይኖቹ እርጥብ ነበሩ፤ ሊደብቃቸው አልሞከረም። ቆጠራው የሚቆጠረው በአባት አፍ ነው፤ ያንን ሁሉም ያውቃል፣ አቶ ይርዳውም እጃቸውን አንሥተው ጠበቁ።

«ይንገሩኝ» አለ ቤኒ።

«በርሄ» አሉ ሽማግሌው።

ቤኒ ቀና ብሎ ሽማግሌውን አየ። ሃዳር ከንፈሩን ታይ ነበር፤ ያ አንድ ስም ካልወጣ ቀሪዎቹ ስድስቱ የሉም።

«በርሄ» አለ ቤኒ።

«ታፈረ።»

«ታፈረ።»

«ሃጎስ።»

ሽማግሌው ይሰጣሉ፣ ልጁ ይቀበላል፤ ሃጎስ፣ ዘርኡ፣ ወልዱ፣ ተክሉ፣ ባራኺ። ለሃምሳ ዓመት በአንድ ሰው አፍ ውስጥ የኖሩ ስሞች አንድ በአንድ ወደ ሌላው ተሻገሩ። አቶ ይርዳው ጣታቸውን ያጥፉ ነበር። በባራኺ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ባዶ መዳፋቸውን አሳዩ። የሽሬ ስሞች ናቸው፤ በወገራ አንድም አይገኝም። አይነካም አሉ። ልጆቹ ይጋቡ አሉ።

እልል ያለ አልነበረም። ሁሉ ሰው ሁለቱን ሰዎች ያይ ነበር። አቶ ሰማኸኝ አደራቸውን አስረክበው እጃቸው ባዶ ቀርቶ፣ ተነሥተው ለብቻቸው መሄድ ይኖርባቸው እንደሆነ እንዳላወቀ ሰው በትራቸውን በዓይናቸው ይፈልጉ ነበር። ቤኒ በትሩን ቀድሞ አነሣው፤ ግን አልሰጣቸውም። እጁን ዘርግቶ በአውራ ጣቱ ጉንጫቸውን፣ የሻከረውን ጢም ከላይ ወደ ታች ዳሰሰ።

«ለቆጠራው በርሄ ይባል» አለ። «አባ፣ ጢምዎ ግን አልተላጨም። ያላ፣ ይነሡ፤ ሰንበት ሳይገባ ቤት እንሂድ።»

ሽማግሌው አገጫቸውን ቀና አደረጉ፤ በየዓርቡ እንደሚያደርጉት።

ሃዳር ማየት አልቻለችም፤ ወደ መስኮቱ ዞረች። ኢታን አጠገቧ መጣ። የወረቀት ኮሽታ ሰማች። በግራ እጁ ከኪሱ አንዲት ትንሽ ቅዳጅ አውጥቶ መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠላት። የትከሻው አጥንት የተሰበረው በጨዋታ ላይ እንደሆነ፣ እንዳትጨነቅ ብሎ እስከ ዛሬ እንደደበቃት፣ አትጻፊልኝ ያላትም በእጁ መመለስ ስላልቻለ እንደሆነ፣ ይህችን አውሮፕላን ውስጥ፣ ምንም ሳያውቅ፣ በግራ እጁ እንደጻፋት ነገራት። በወረቀት የማይሆን ያለው ይህንን ነው፤ በአፉ ሊናገረው ፈልጎ፣ በመጨረሻ አፉን አላመነውም።

ፊደላቱ እንደ ልጅ ጽሑፍ ተንጋደዋል። «ቆ» ሁለቱም ቦታ ወደ ግራ ዞራለች።

«ቢቆጠርም ባይቆጠርም መጥቻለሁ» ይላል።

ሦስት ጊዜ አነበበችው። አንድም የሚታረም ነገር አላገኘችበትም፤ የተገለበጡትን ሁለቱን ፊደሎችም ቢሆን እንደነበሩ ተወቻቸው።